ዕንባዋን መልሱላት

ባለፈው እትማችን ስለ አንድ ጥንታዊ የቻይና የጦር አበጋዝ የሚናገር ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጸሐፊው የኛው ሰው ነው፤ ስሙን ግን አናነሣም። ስም ከተነሣ ክርክሩ የሁለት ወገን ጠብ መስሎ ይቀራል፤ ጉዳዩ ደግሞ ከዚያ በጣም ይሰፋል። ጽሑፉ አማርኛው ያማረ ነው፤ ይህን አንክድም። እንዲያውም መጀመሪያ ስናነበው ከመካከላችን የወደዱት ነበሩ። በሁለተኛው ንባብ አንድ ነገር ቆረቆረን። በሦስተኛው ላይ ከቤተ መጻሕፍት ዋናውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አውጥተን ጎን ለጎን አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልንም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ዉ ቺ የሚባል አበጋዝ ነበር። ከወታደሮቹ አንዱ ብጉንጅ ወጥቶበት ሲሰቃይ አበጋዙ ጎንበስ ብሎ መግሉን በገዛ አፉ መጦ አወጣለት። ወሬውን የሰማች የወታደሩ እናት በደስታ አለቀሰች። ወንድማችን ታሪኩን እዚህ ላይ ይቆርጥና መሪ ማለት እንዲህ ያለ ነው ይለናል፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም፣ መምህሩም፣ የክበብ ሊቀ መንበሩም ከዉ ቺ ትምህርት እንዲቀስሙ ይመክራል።

እኛን ብዕር ያስነሣን አንዲት ቃል ናት። «በደስታ» የምትለዋ።

ሴትዮዋ በደስታ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ልጇ እንደሚሞት ስለገባት ነው። ይህ የኛ ትርጓሜ አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ በግልጽ የሚለው ነው፤ ይህ ከወጣለት ታሪኩ ታሪክ አይሆንም። ታዲያ ይህን ቆርጦ ጥሎ በቦታው «በደስታ» ብሎ መለጠፍ ምን ይባላል? ስህተት ነው እንዳንል፣ የሴትዮዋ ለቅሶና የለቅሶዋ ምክንያት በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ነው የተጻፉት። አንዱን አይቶ ሌላውን አለማየት እንዴት ይቻላል?

ሰውየውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ እናስተዋውቅ። ዉ ቺ የኖረው ቻይና ገና አንድ አገር ሳትሆን፣ እርስ በርስ በሚዋጉ መንግሥታት ተከፋፍላ በነበረችበት፣ የታሪክ ሰዎች የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን በሚሉት ጊዜ ነው። የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ381 ነው። የተወለደው ዌይ በምትባል ትንሽ መንግሥት ሲሆን፣ በኋላ በጦር አለቅነት ያገለገለው ግን ሌላውን፣ ትልቁን ዌይ ነው። በቻይንኛ ሁለቱ ስሞች በተለያየ ፊደል ይጻፋሉ፤ በኛ ፊደል ግን መንታ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ ምን ይደረግ። እንዳይምታታ ትንሿ ዌይና ትልቁ ዌይ እያልን እንሄዳለን።

ስለ ሕይወቱ ዋናው ምንጭ የሐን ዘመን ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ሲማ ቺየን ነው። 130 ምዕራፍ ካለው መጽሐፉ 65ኛው ምዕራፍ ዉ ቺን ከሱን ዙና ከሱን ቢን ጋር ባንድ አልጋ ያስተኛዋል። የጻፈው ዉ ቺ ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ሁሉን እንደ ዓይን ምስክር ቃል አንቀበለውም። ነገር ግን ሲማ ቺየን አበጋዝ ሲያይ ደሙ የሚፈላ ሰው አልነበረም፤ ይህን ጓደኛችን ቢያውቅልን ደስ ይለናል። ሊ ሊንግ የተባለው አበጋዝ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ99 በሺዮንግኑ እጅ ወድቆ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ሲያወግዘው፣ ለእሱ አፉን ከፍቶ የተከራከረው ሲማ ቺየን ነበር። የከፈለው ዋጋም መሰለብ ነው። ለአበጋዝ ሲል የተሰለበ ሰው ስለ አበጋዝ የጻፈውን አንድ ተማሪ በአንድ ቃል ሲያጣምመው ዝም ብለን ማየት ነበረብን?

እንግዲህ ታሪኩ። ዉ ቺ የሀብታም ልጅ ነበር። ሹመት ፍለጋ ከአገር አገር ሲዞር የቤተሰቡን ሀብት ጨርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት። እሱም ከሳቁበት ሰዎች ከሠላሳ በላይ ገደለ። ሲሸሽም በከተማው ምሥራቅ በር ላይ እናቱን እየተሰናበተ የገዛ ክንዱን ነክሶ፣ ትልቅ ሹም ሳልሆን ብመለስ ብሎ ማለ። እናቱ ከዚያ በኋላ ሞተች። አልሄደም፤ አልቀበረም። ያስተምረው የነበረው የኮንፊሺየስ ወገን መምህርም እናቱን ላላለቀሰ ተማሪ ቦታ የለኝም ብሎ አሰናበተው።

እዚህ ላይ ሚዛኑን እንጠብቅ። ይህን ሁሉ ሲማ ቺየን የሚነግረን በራሱ አንደበት አይደለም፤ በሉ አገር ዉ ቺን ይጠላ የነበረ ሰው ለገዥው ሲያወራ እንደሰማ አድርጎ ነው። የጠላት ምስክርነት የጠላት ምስክርነት ነው። ሠላሳውን ሰው ከፈለጋችሁ ለጥርጣሬ ተዉት።

የሚስቱ ነገር ግን ሌላ ነው። የቺ መንግሥት በሉ ላይ ዘመተ። ሉዎች ዉ ቺን የጦር አለቃ ሊያደርጉት አሰቡ፤ ሆኖም ሚስቱ የቺ አገር ሰው ስለነበረች ልቡ ወደዚያ እንዳያደላ ፈሩ። ዉ ቺ ሚስቱን ገደላት። ተሾመ። ቺን ድል አደረገ። ይህ እንዲህ እንደጻፍነው አጭር ነው፤ ሲማ ቺየንም ከዚህ ብዙ አላረዘመውም፤ ያለውም በራሱ ድምፅ ነው። እርግጥ ሌላ ወሬም አለ። ከሲማ ቺየን ቀድሞ የነበረው ሐን ፌይ የሚተርከው የጥልፍ ጥብጣብ ነገር ነው፤ ሚስቱ የሠራችው ካሳያት ናሙና ጋር ልክ አልሆነም ብሎ ፈታት ይላል፤ ገደላት አይልም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጉዎ ሞሩዎ የተባለው ቻይናዊ ጸሐፊም ግድያው የጠላት ፈጠራ ነው ብሎ ተሟግቶለታል። ይሁን፤ ክርክሩ ተገቢ ነው። እኛን የገረመን የወንድማችን ጽሑፍ ሴትዮዋን ገደለም፣ ፈታም፣ ስሙን አጠፉትም ሳይል፣ ሚስት የሚባል ነገር በዉ ቺ ሕይወት ውስጥ እንዳልነበረ አድርጎ ማለፉ ነው። ለነገሩ በጽሑፉ ውስጥ ሴት የተባለች አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ደስ ብሏታል።

ከሉ ተሰዶ ወደ ትልቁ ዌይ ሄደ። ገዥው መስፍን ወን ሊ ኬ የተባለውን አማካሪውን ስለ እንግዳው ጠየቀው። ሊ ኬ የሰጠውን ምስክርነት ዛሬ ለሥራ ማመልከቻ የሚያያይዝ ሰው ያለ አይመስለንም፦ ስስታምና ሴት አውል ነው፣ ጦር በመምራት ግን የሚበልጠው የለም አለ። መስፍኑም የፈለገው ጦር የሚመራ ስለነበር ሾመው። ዉ ቺ በቺን ላይ ዘምቶ አምስት ከተሞች ያዘ።

አሁን ወደ ብጉንጁ ደረስን። እውነቱን እውነት እንበል፤ ዉ ቺ ከተራው ወታደር ጋር አንድ ልብስ ይለብስ፣ አንድ ምግብ ይበላ ነበር። ሲተኛ ምንጣፍ አያነጥፍም። በጉዞ ላይ አይጋልብም። ስንቁን በገዛ ጀርባው ይሸከማል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሙገሳው እዚህ ላይ ቢያበቃ አብረን እናጨበጭብ ነበር። ከዚያ አንዱ ወታደር ብጉንጅ አወጣ። አበጋዙ መግሉን መጠጠለት። የወታደሩ እናት ይህን ስትሰማ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አጠገቧ የነበረው ሰው ግራ ተጋባ፤ ልጅሽ ተራ ወታደር፣ እሱ የጦር አለቃ፣ እንዲህ ካከበረልሽ ምን ያስለቅስሻል ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ የመለሰችው፣ ባምናው ዘመቻ የልጁን አባትም እንዲሁ እንደመጠጠለት፣ ባሏም ከዚያ በኋላ በጦር ሜዳ ወደኋላ ሳይል ተዋግቶ እንደሞተ፣ አሁን ደግሞ ልጇ የት እንደሚወድቅ እንደማታውቅ ነው።

ይህ ነው ታሪኩ። ይህ ሁሉ ነው የተቆረጠው።

ከመካከላችን አንዱ ለእረፍት አገሩ ሄዶ ሳለ ታሪኩን ለእናቱ አወራላት። ብጉንጁ ተመጠጠ እስከሚለው ድረስ ነገራትና አቆመ፤ «እናትየዋ አለቀሰች፤ ለምን ይመስልሻል እማዬ?» አላት። እማዬ ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀናም አላለች። «ወይ ልጄን! እንግዲህማ እንዴት አድርጎ ይሸሻል» አለችው። መጽሐፉን አላየችም፤ ሲማ ቺየን የሚባል ሰው መኖሩንም አትሰማም። ጓደኛችን መጽሐፉን ይዞ ያላየውን እሷ ምጣድ ላይ ቁጭ ብላ አየችው። ይህን የምንጽፈው ለማዋረድ ብለን አይደለም፤ በጣም ስላስደነገጠን ነው።

የሴትዮዋን ንግግር ልብ ብላችሁ እዩት። በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ክብር ያወራል፤ እሷ ብቻ ሒሳብ ትሠራለች። ባንድ መምጠጥ አንድ ባል ሄደ። በሁለተኛው መምጠጥ ምን እንደሚሄድ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አበጋዙን አልሰደበችም፤ ግፈኛም፣ ውሸታምም አላለችውም። ምናልባትም ደግ ሰው ነው ብላ ታምን ይሆናል። ያየችው ነገር ደግነቱ የሚሠራውን ሥራ ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ እዚህ ግን ሣሩን እያበላ የሚወስደው እጅ ራሱ በፍቅር የሚዳብስ እጅ ነው፤ በሬው ቢነግሩትም አይሰማ።

አሁን በኛው ውስጥ ስለተነሣው ተቃውሞ እንናገር፤ ደብቀን ብናልፈው እኛም ቆራጮች እንሆናለን። ረቂቃችንን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ እጇን አውጥታ «እሺ፣ ታዲያ ቁስሉ ይሽተት ነው የምትሉት?» አለችን። ወታደሩ ዘመቻ መሄዱ አይቀር፤ ሌላ አበጋዝ ቢሆን ኖሮ ልጁ ከነመግሉ ይሄድ ነበር፤ ቢያንስ ይሄ ሕመሙን አስታገሠለት፤ እናንተ በንጹሕ አልጋ ተኝታችሁ የሰው ደግነት ታራክሳላችሁ አለች። ያን ማታ መልስ አላገኘንም። መብራት እስኪጠፋ ስንጨቃጨቅ አመሸን።

አሁንም ሙሉ መልስ አለን አንልም። የምንለው ይህን ያህል ነው። ቁስል ይታጠብ፤ መግልም ይውጣ፤ በአፍ ካልሆነ አይወጣም ካሉም በአፍ ይውጣ። እናትየዋም እኮ ለምን አዳንከው አላለችም። ሆኖም የልጁ ቁስል ለምን እንደዳነና ለማን እንደዳነ መጠየቅ ቁስሉ ይሽተት ማለት አይደለም። ሐን ፌይ ይህንኑ ታሪክ ሲያወራ ትልቁ ዌይ በዦንግሻን ላይ በዘመተ ጊዜ ሆነ ይለናል። ዦንግሻን ያንን ብላቴና ምን አደረገችው? ቤቱን አቃጠለች? እናቱን ደበደበች? መስፍን ወን አገሪቱን ፈለጋት፤ ያዛትም። ልጁ የዳነው ለዚህ ነው። ጓደኛችን ደግነቱን ብቻ ነጥሎ በመስታወት ውስጥ ሲያስቀምጠው ይህ ጥያቄ ከክፍሉ ውጭ ይቀራል።

ደግሞ በዉ ቺ ስም የሚጠራ የጦር ትምህርት መጽሐፍ አለ። ከእጁ መውጣቱን የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው፤ ግን በ11ኛው ክፍለ ዘመን በሶንግ ነገሥታት ጊዜ ከሰባቱ ታላላቅ የጦር መጻሕፍት አንዱ ተብሎ ተመድቧል። በመጨረሻው ምዕራፉ የወታደርን ልብ ማነሣሣት ስለሚቻልበት መንገድ ምን እንደሚል እንንገራችሁ። ግብር ይገባል፤ ጀግኖች በፊት ረድፍ ተቀምጠው በምርጥ ዕቃ ምርጥ ምግብ ይበላሉ፤ ከነሱ ያነሱ መሐል ረድፍ፤ ምንም ያልሠሩት ኋላ። ግብሩ ሲያልቅ ለጀግኖቹ ወላጆችና ሚስቶች በር ላይ ስጦታ ይታደላል፤ እሱም በየደረጃው። ልጃቸው ለሞተባቸው ወላጆች ደግሞ በየዓመቱ መልእክተኛ ስጦታ ይዞ ይሄዳል፤ እንዳልተረሱ እንዲያውቁ። መጽሐፉ በመቀጠል ይህ በተደረገ በሦስተኛው ዓመት የቺን ጦር ሲመጣ ወታደሩ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በአሥር ሺዎች እየሆነ ጥሩሩን ለብሶ ወጣ ይላል።

እስቲ ያንን የዓመት መልእክተኛ አስቡት። በር ያንኳኳል። ጥቅልል ጨርቅ ይሁን እህል፣ የሆነ ነገር ይዟል። እንዲህ ያለውን መልእክተኛ አንዴ የተቀበለች ሴት ሁለተኛውን ስትጠብቅ በደስታ ታለቅሳለች? ወንድማችን ይህን ምዕራፍ ቢያነበው ኖሮ «ማኅበራዊ ዋስትና» ብሎ ይጽፍልን ነበር ብለን እንፈራለን።

እንዲህ ስንል ዉ ቺ ጅል ወይም አረመኔ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ይህ ነው እንዲያውም የሚከብደው። መስፍን ወን ሞቶ ልጁ መስፍን ዉ ሲነግሥ ሁለቱ በጀልባ ወንዝ ሲወርዱ ወጣቱ መስፍን ተራራውንና ገደሉን እያየ አገሬ እንዴት ያለ ምሽግ አላት ብሎ ኮራ። ዉ ቺ ምሽግ በጎ አስተዳደር እንጂ ተራራ እንዳልሆነ ነገረው፤ በተራራና በወንዝ ታጥረው የጠፉ የጥንት ገዥዎችን እየቆጠረ አሳየው፤ በጎነት ከሌለህ አብረውህ በዚህች ጀልባ የተቀመጡት እንኳ ጠላቶችህ ይሆናሉ አለው። ይህን በገዥ ፊት፣ ወንዝ መሐል ላይ ሆኖ መናገር ወኔ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰውየው አላወቀም ማለት አይቻልም። ሕዝብ ምን ሲሆን ጠላት እንደሚሆን ያውቃል። ወታደሩም ምን ሲደረግለት እንደሚሞት ያውቃል። ሁለቱም ዕውቀት አንድ ራስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲማ ቺየንም ምዕራፉን ሲዘጋ ለመስፍኑ እንዲህ የመከረ ሰው ራሱ በቹ አገር በጭካኔው ሕይወቱን አጣ ብሎ ያዝንበታል።

ከትልቁ ዌይ የወጣበትን ተንኮል ባጭሩ እንለፈው። አንድ የልዕልት ባል የሆነ ሚኒስትር ቀናበት፤ መስፍኑ ለዉ ቺ ልዕልት በሚስትነት እንዲሰጠው አስደረገ፤ አስቀድሞ ግን ዉ ቺን ቤቱ ጋብዞ የራሱ ሚስት እንዴት እንደምታዋርደው አሳየው። ዉ ቺ ፈርቶ ልዕልቲቱን እምቢ አለ፤ መስፍኑም ጠረጠረው፤ እሱም ሸሸ። ሚስት ገድሎ የተሾመ ሰው ሚስት እምቢ ብሎ ተሰደደ፤ የታሪክ ቀልድ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

የሄደው ወደ ቹ ነው። ንጉሥ ዳዎ ዋና ሚኒስትር አደረገው። እዚህ ላይ ወንድማችን ካለው በላይ እናመሰግነዋለን፤ ጽሑፉ ይህን ክፍል ለምን በሁለት መስመር እንዳለፈው አልገባንም። ዉ ቺ ሕጉን ግልጽ አደረገ። የማይረቡ ሹመቶችን ሰረዘ። ከንጉሡ ጋር በሩቅ ዝምድና የሚቆጠሩትን ከድርጎ አስወጣ። ሐን ፌይ እንደሚለው ባለ ርስቶች ከሦስት ትውልድ በኋላ ማዕረግና ድርጎ እንዲነጠቁ አስወሰነ። መሳፍንቱን ወደ ባዶ መሬት ሂዱና አልሙ እንዳላቸው የሚተርክም አለ። የአያቱን ስም እየበላ የሚኖር ሁሉ ጥርሱን ነከሰበት። ይህን ስናነብ ልባችን ከዉ ቺ ጋር ነበር፤ አንዋሽም። ጉዎ ሞሩዎም የተሟገተለት ያለ ምክንያት አይመስለንም።

ግን ከዚያ የተቆጠበው ሀብት ወዴት ሄደ? ሲማ ቺየን ይነግረናል፤ ለተዋጊዎች ቀለብ። ቹ በደቡብ ባይዩዌን አስገበረች፣ በሰሜን ቼንንና ጻይን ዋጠች፣ በምዕራብ ቺንን ወጋች። የመሳፍንቱን ድርጎ ነጥቆ ለገበሬው ቢሰጠው ኖሮ ዛሬ ሌላ ጽሑፍ እንጽፍ ነበር። አልሰጠውም። ከሰነፍ አፍ ወስዶ በጦር አፍ ጨመረው፤ ሌላ ብዙ ሺህ ብላቴና አሰለፈበት፤ ብጉንጅ ያወጡም አይጠፉባቸውም።

አሟሟቱን ወንድማችን «የመጨረሻው ብልሃት» ይለዋል። ብልሃት መሆኑን እኛም እናምናለን። በ381 ንጉሥ ዳዎ ሞተ። አስከሬኑ ገና ሳይቀበር መሳፍንቱ ቀስትና ጦር ይዘው መጡበት። ዉ ቺ ሮጦ የንጉሡ ሬሳ ላይ ተደፋ። ወጉት፤ ቀስታቸው የንጉሡንም አካል አገኘው። ዉ ቺ ሞተ። አልጋ ወራሹ አባቱን ቀብሮ ሲነግሥ ግን የንጉሥ ሬሳ የወጉትን በሙሉ አስፈረደባቸው፤ ከሰባ የሚበልጡ ቤተሰቦች ከነዘራቸው ጠፉ።

ጓደኛችን ይህን ሲያወራ ድምፁ ውስጥ ጭብጨባ ይሰማል፤ ሞቶም አሸነፋቸው ይላል። ከሰባ በላይ ቤተሰብ ስንት ሰው ነው? ቀስት የወረወረው ቤተሰቡ ሁሉ አይደለም። በዚያ ውስጥ ጡት የሚጠባም ነበር። ዉ ቺ ሲደፋ ይህን አስቦት ነበር ብሎ ማመን አይከብድም፤ ሙያው ሰውነት ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነበርና። የቆሰለ ወታደር ገላ ምን እንደሚገዛ ያውቃል። የሚስት አስከሬን ምን እንደሚገዛ፣ ወሬው እውነት ከሆነ፣ ያውቃል። የንጉሥ ሬሳ ምን እንደሚገዛም በመጨረሻዋ ደቂቃ አላመለጠውም።

ሌላ አበጋዝ እናስታውስ፤ ባይ ቺ ይባላል፣ የቺን ሰው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ260 በቻንግፒንግ እጃቸውን የሰጡትን የዣዎ ወታደሮች አታሎ በጅምላ አስቀበራቸው። ሲማ ቺየን የሚሰጠው ቁጥር ከ400,000 በላይ ነው፤ የዛሬ ታሪክ አጥኚዎች ቁጥሩን ብዙ ይለዋል ብለው ይጠረጥሩታል። የባይ ቺን መግል መምጠጥ ማንም አልሰማም። ግን ንጉሡ ተጣልቶት በ257 ራስህን ግደል የሚል ሰይፍ ሲላክለት፣ በመጀመሪያ ምን አጠፋሁ አለ፤ ትንሽ ቆየና ቻንግፒንግን አስታውሶ መሞት ይገባኛል አለ። ከዉ ቺ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣም። ምናልባት ክፉ አበጋዝ የሠራውን ለማየት ይቀለው ይሆናል፤ ደጉ እጁን ባየ ቁጥር የሚያየው የዳነ ቁስል ነዋ።

አሁን ወንድማችን በዚያች በአንዲት ቃል ይህን ያህል ጉድ መውጣቱ ይገርመው ይሆናል። በካፌ ስንገናኝ እንደነገረንም ለአንባቢ ነገሩን ለማሳጠር ብሎ ነው የቆረጠው፤ መልእክቱ እንዳይደበዝዝ። እኛ የምንፈራው ይህንኑ ነው። ሥነ ጽሑፍ እንማራለን ብለን እዚህ ገብተናል። ከኛ ውስጥ አንዱ ነገ የመማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጃል፣ ሌላው ለሬዲዮ ይጽፋል፣ ሌላው የአለቃ ንግግር ያረቃል። መልእክት እንዳይደበዝዝ የአንዲት እናት ዕንባ የሚቀየር ከሆነ ሙያችን ምን ቀረው? አበጋዙ እንኳ ልጇን ወሰደ እንጂ ለቅሶዋን አልነካባትም፤ ያቺ ያለቀሰችው ዕንባ ሁለት ሺህ ዓመት ተሻግራ እኛ ዘንድ ስትደርስ በስቴንስል ላይ ተቀየረች።

የዝግጅት ክፍሉን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም የእርምት ሳጥን ይኑር፤ «በደስታ» የምትለው ቃል ተሰርዛ ሴትዮዋ የተናገረችው በሙሉ ይታተም። ቦታ የለም እንዳትሉን፤ ነገሩ ከአራት መስመር አይበልጥም፤ ከኛም ጽሑፍ ቀንሱ።

ሌላም አለን፤ ይህን ስናመሳክር ያገኘነው ነው። በሲማ ቺየን መጽሐፍ ከሴትዮዋ ለቅሶ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሄዳችሁ እዩት። ስለ ልጁ የሚል ነገር የለውም፤ ስለ እሷም የለውም። የሚለው፣ መስፍን ወን ዉ ቺ በጦር ጎበዝ መሆኑንና የወታደሮቹን ልብ ፈጽሞ መያዙን ስላየ የሺሔ ገዥ አድርጎ ሾመው ነው።